ኢክራም ነሽ ያሉኝ ጊዜ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለሻለቃ ኃይሌ፤

እንደምን ከርመዋል አባዬ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎንስ ያሉበት አገር ብርድ ተወልዎ? እንቅልፍስ ያገኛሉ? እኛ እማዬም፣ እህቴ ቤተልሄምም፣ እኔም ደህና ነን፣ ተመስገን። ዝናቡ ግን ዘንድሮም ቀረብን። ሊበን ውስጥ ከብቱ አልቋል። ጎረቤቶቻችን እንኳ "ናጋ?" ብለው ሰላም ይሉና መልሱን ሳይጠብቁ ያልፋሉ።

ፖሊስ ይዞኝ እንደነበርና እንደተፈታሁ እማዬ በስልክ ነግራዎታለች። የቀረውን እኔ ልነግርዎ ሞክሬ ድምፄ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

አክስቴን ሀረገወይንን ጠይቄ ከዶሎ ኦዶ ስመለስ ነበር። ለአቧራው ብዬ ራሴንና አፌን በሻሽ ተሸፋፍኛለሁ። እኩለ ቀን ላይ፣ ስሟን መጥራት የማልፈልጋት አንዲት ትንሽ ከተማ ኬላ ጋ አውቶብሱ ቆመ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሞቱ ከብቶች ደርቀው ተኝተዋል፤ ዝንብ እንኳ የለባቸውም። አንድ ሳጅን ገብቶ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ካየ በኋላ እኔ ጋ ቆመና በለሆሳስ "ኢክራም፣ ውረጂ" አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ያን ያህል ባልፈራሁ። ለዓመታት እንደሚያውቀኝ ሰው ነው የጠራኝ።

"ሚስጥር ኃይሌ ነኝ" አልኩት።

"እሱን ደግሞ ማን አወጣልሽ?" አለኝ።

የተማሪ መታወቂያዬን ቤት ረስቻለሁ። ኢክራም የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከተቀጠረችበት ቤት ወርቅ ይዛ ጠፍታለች አሉ። ስልኬን ወሰዱት። እናቴ ጋ ልደውል ብል አልፈቀዱልኝም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ብል "አሥራ ስምንት" ብለው ጻፉ። ከሦስት ትልልቅ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል አስገቡኝ። ሴቶቹ ክፉዎች አልነበሩም፣ ውኃ ሰጡኝ። ግን "ኢክራም፣ ጠጪ" ነው ያሉኝ። ስሜን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና መልሰው ኢክራም አሉኝ። ገበያ ላይ ተጣልታ የታሰረች ሚልኪ የምትባል ሴት ብቻ "ሚስጥር" ብላ ጠራችኝ። በማግስቱ ጠዋት ስትፈታ የእማዬን ስልክ ቁጥር በቃሏ ይዛልኝ ወጣች። "ሰው እስኪደርስልሽ ዝም በይ። ዝም ማለት መብትሽ ነው፤ ለእኔም ሰው ነው የነገረኝ" አለችኝ።

ረፋዱ ላይ ሳጅኑ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ያልተናገርኩት ቃሌ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ፊርማ ነው። አጠገቡ የኢክራም እናት ተቀምጣለች። ተነስታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችኝ። ሻሼን ገልጣ ከግራ ጆሮዬ ኋላ ዳሰሰችና "ልጄ ናት። ይኸው፣ ሁለት ዓመቷ ሳለ ትኩስ ሻይ ፈሶባት ነው" አለች። አባዬ፣ እዚያ ጋ ጠባሳ አለኝ። ከምን እንደሆነ እማዬን ብጠይቃት አላስታውስም አለችኝ። እርስዎ የሚያውቁ ከሆነ እባክዎ ይጻፉልኝ።

"ፈርሚና ቤታችን እንግባ" አለችኝ ሴትዮዋ። እጇ ይሞቃል። ያን ጊዜ ኢክራም መሆን ከሁሉ ቀላሉ ነገር ሆኖ ታየኝ። እስክሪብቶውን ተቀብዬ "ኢ" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሏ የእኔን እጅ ጽሑፍ አትመስልም። ደንግጬ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። "ጠበቃና እናቴ እስኪመጡ አልናገርም፣ አልፈርምም" አልኩ። ሳጅኑ ረጋ ብሎ "እናትሽማ ይችው አጠገብሽ አለች" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ፣ ሚልኪ ደውላላት፣ የልደት ምስክር ወረቀቴን ይዛ ደረሰች። ነገሌ ላይ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡት አቶ ጎሊቻም አብረዋት ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ለምን እንደተያዘች በሚገባት ቋንቋ ይነገራት። ልጅ ናትና ከትልልቆቹ ትለይ። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ትቅረብ። ያልተናገረችውን ደግሞ ማንም አያስፈርማትም" እያሉ ሁሉንም በጽሑፍ አስያዙ። በማግስቱ ጠዋት ፍርድ ቤት ዳኛዋ "ስምሽ ማን ነው?" ሲሉኝ፣ ብነግርዎ ያሳፍረኛል፣ ቶሎ አልመጣልኝም። ዞሬ እማዬን አየሁና ተናገርኩ። ማስረጃውን መርምረው ለቀቁኝ።

ስንወጣ አቶ ጎሊቻ "ታዲያ ኢክራም የት ናት? እስካሁን እንደ ሌባ እንጂ እንደ ጠፋች ልጅ የፈለጋት የለም" አሉ። ስለዚህ በሳምንቱ እሳቸውና እኔ የኢክራምን እናት ይዘን የመጥፋት ማመልከቻ ልናስገባ ወደዚያው ፖሊስ ጣቢያ ተመለስን። ሴትዮዋ እምቢ አላለችም፤ መንገዱን ሙሉ ግን እጄን አልለቀቀችኝም። ተረኛው ፖሊስ ፎቶ ሲጠይቃት ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አወጣች።

አየሁት አባዬ። ረዥም፣ ፊቷ ቀጠን ያለ፣ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ናት። በምንም አንመሳሰልም። ሴትዮዋ ፎቶውን ከጉንጬ አስጠግታ "አየህ አይደል?" አለችው። ፖሊሱ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን አየ። "እውነትም" አለ። "ተገኝታለቻ!"

አቶ ጎሊቻ ማመልከቻው ቁጥር ተሰጥቶት ማኅተም እስኪያርፍበት ከወንበራቸው አልተነሱም። ቁጥሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። በየሰኞው እየደወልኩ "ኢክራም ተገኘች ወይ?" እላለሁ። "አንቺ ማን ነሽ?" ይሉኛል። ስሜን ስነግራቸው ስልኩን ይዘጉብኛል።

እማዬ የሺ ራስዎን ይጠብቁ ትላለች። ቤተልሄም ጉንጭዎን ትስማለች። ጎረቤታችን አባ ጣዲቻ "አካም ጅርቱ" በዪልኝ ብለዋል። አክስቴ ሀረገወይንም ከዶሎ ኦዶ ናፍቆቷን ልካለች። እኔም ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ ሚስጥር ኃይሌ
ነገሌ ቦረና፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.