አቶ ጥሩሰው ቀጸላ እና የግንድ ጎታቾቹ ዘፈን

አቶ ጥሩሰው ቀጸላ ከአባታቸው ከአቶ ቀጸላ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አጸደ ብሩ በ1929 ዓ.ም. አርሲ ነጌሌ አቅራቢያ ተወለዱ። አራተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው በመሞታቸው ትምህርቱን ትተው ጫካ ውስጥ በነበረ የእንጨት መሰንጠቂያ ሰፈር ተቀጠሩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መጋዝ ሳቡ፣ ግንድ ጎተቱ፤ ሁለት ጣታቸውም እዚያው ቀረ። ሠራተኞቹ ግንድ ሲጎትቱ የሚቀባበሉትን ዘፈንና ሲያርፉ የሚያወሩትን ተረት በደብተር ይጽፉ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. የሳሳ ገመድ ተበጥሶ ጓደኛቸውን ለገሠን ግንድ ገደለው። ሠራተኞቹም እንዲህ ሲሉ ዘፈን አወጡ፦

ገመዱ ሳስቷል ሲባል አለቃው እየሳቀ፣
ለገሠን የሚያህል ሰው ከግንድ ሥር ደቀቀ።

የመሰንጠቂያው አለቃ ይህን የዘፈነ ይባረራል ቢልም ማንም አላቆመም።

በ1961 ዓ.ም. ወ/ሮ ሠርካዲስን አግብተው ኑኃሚንን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1996 ልጃቸው ወደ አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ አመጣቻቸው፤ ፓርክ ሂል በተባለ ሰፈር እየኖሩ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ስድስት ዓመት ሠሩ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በአጎራባቿ ኦሮራ ከተማ ኢትዮጵያውያን በአንድ አዳራሽ ላዘጋጁት በዓል ዘፈኖቹን ተጠይቀው ደብተራቸውን በደስታ ሰጡ። በዕለቱ ወጣቶቹ ያንኑ ዜማ «አለቃችን ደጉ» እያሉ ጨፈሩበት። የለገሠ ስም የለም። የዚያ አለቃ ልጅ እዚያው አቅራቢያ ካለው ሌክውድ ተጋብዞ መጥቶ፣ ፊት ወንበር ላይ ያጨበጭብ ነበር። አቶ ጥሩሰው የጎረሱትን በሶፍት ተፍተው ወጡ። የበዓሉ አስተባባሪ ተከተላቸው።

«ጋሼ፣ እንግዳው እንዳይከፋው ትንሽ አስተካከልነው እንጂ…»

«ሬሳ ላይ ነው የጨፈራችሁት» አሉት። «አንገሸገሻችሁኝ። ደብተሬን አምጣ።»

ከዚያ ወዲያ ያንን አዳራሽ አልረገጡም። የአዳራሹ ስም በተነሣ ቁጥር ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸው ይጨማደድ ነበር። ግሪን ቫሊ ራንች በተባለው ሰፈር ኑኃሚን ቤት ተቀምጠው አርባ ሦስት ዘፈንና አሥራ አንድ ተረት፣ ማን እንዳወጣውና ማን እንደሞተበት እየተናገሩ በካሴት ቀረጹ። ኑኃሚን «አባዬ፣ ስድቡን እንኳ ቀንሰው» ብትላቸው፣ «የከበደው ጆሮውን ይድፈን» አሉ።

የመጋዝ ብናኝ የጎዳው ሳንባቸው እየደከመ ሄዶ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 2007 በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት አስተባባሪው ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ «በዚያው መድረክ ላይ ለገሠን አንሣና ና» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሱም አልተመለሰም። ይቅር ብለውት ሞቱ ብሎ መጻፍ ለቤተሰቡ በቀለለው ነበር፤ እሳቸው የተጸየፉት ግን እንዲህ ያለውን «ማስተካከል» ነው።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። እውነትን የሚወድ አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን።