ለጋሽ ወልደ ሰንበት «ልቀቅ» አይባልም

ጥር 4፣ እሑድ
አልተሳደብኩም! «ልቀቅ» ስድብ ነው እንዴ? ኳስ ሜዳ ላይ ሌላ ምን ይባላል? ጋሽ ወልደ ሰንበት ኳሷን ይዘው ቆመዋል... እኔ በቀኝ ክንፍ ብቻዬን... ጎሉ ባዶ! «ልቀቅ!» አልኩ። ጨዋታውን አስቆሙት። አምበሉም አሰልጣኙም እሳቸው ናቸዋ።

«አንተ፣ የአባትህ እኩያ እኮ ነኝ!»

«ጋሼ፣ አንቱ እስክል ኳሷ ታልፋለች!»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። አስወጡኝ።

ቤት ስገባ ደግሞ እህቴ ቤዛ፦ «ከትምህርት ቤት በአፍህ ተባረርክ፣ አሁን ከኳሱም! አንተ ከሰው ጋር አትሆንም።» ታላቄ ስለሆነች ብቻ... ስትጠራኝ «ምን!» ስለምላት ቂም ይዛለች።

ጥር 7፣ ረቡዕ
ተቀያሪ ወንበር ላይ ዋልኩ። የጠባሴ ሜዳ ብርድ አጥንቴ ገባ።

ጥር 9፣ ዓርብ
ዛሬም ቁጭ። ግን አየሁ... ጋሼ ቀርፋፋ ይመስሉኝ ነበር። ለካ የሚያሯሩጡት ኳሷን ነው! አጭር አጭር እያቀበሉ። እኔ ብቻዬን እንደ ፈረስ... ግን ክንፉ ላይ ሰው የላቸውም። እኔን ይፈልጋሉ። እንዴት ልጥራቸው? «ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ እባክዎ በቀኝ በኩል ያቀብሉኝ»? ተከላካዩ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል!

ጥር 14፣ ረቡዕ
ልምምድ ላይ ሰው ጎደለና ገባሁ። ጋሼ ኳሷን እንደያዙ «ቃለ አብ! የት ነህ?» ብለው ጮኹ። ደንግጬ «አቤት!» አልኩ። ዞር አሉ፣ ብቻዬን መሆኔን አዩ፣ አቀበሉኝ... ጎል!

ቆይ... ሳይጠሩኝስ? ሞከርኩት። «አቤት!» ወዲያው ኳስ!

«አልጠራሁህም እኮ!»

«ሊጠሩኝ ነበር ጋሼ!»

ፈነዱ በሳቅ። ከዚያ ሁሉም «አቤት! አቤት!»... ሜዳው የአቤቱታ ክፍል መሰለ። ስንወጣ ትከሻዬን ያዙኝና «እሑድ አረርቲ ከተማ ለዋንጫው ፍጻሜ ከመጀመሪያው ትገባለህ። አቤትህን እንዳትረሳ» አሉኝ።

ጥር 18፣ እሑድ ጠዋት
መኪናው ሊነሳ ነው። ቤዛ፣ ደብተሬን ተደብቀሽ እንደምታነቢ አውቃለሁ። የፀጉር መያዣሽን መሃሉ ላይ ረስተሽዋል፣ ሞኝ! ዛሬ ደብተሩን ራሴ አልጋሽ ላይ ትቼልሻለሁ። ከሰው ጋር አይሆንም ያልሽው ልጅ ሰባት ቁጥር ለብሶ ይገባል። ጨዋታው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል። ውጤቱን ከሌላ እንዳትሰሚ! ብንሸነፍም ደውዪ። «ቃለ አብ» በዪና ምን ብዬ እንደምመልስ ስሚ። ሳይመሽ ደውዪ፣ እሺ?