ዛፎችሽን አልሰጠኋቸውም

ይድረስ ለባለቤቴ ለጥሩነሽ፣

ጥሩዬ፣ ከተለያየን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንደ ወጉ ቢሆን ደብዳቤ የሚጀመረው ጤናን በመጠየቅ ነው። አንቺን ይህን መጠየቅ ስለማልችል የራሴን ልንገርሽ። ደህና ነኝ። ጉልበቴን በብርድ ያመኛል፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ለማስገባት ከመስኮቱ ሥር መቆም ጀምሬአለሁ። ግን አለሁ። ዛፎችሽም አሉ። ከሁሉ በፊት መስማት የምትፈልጊው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። የጣራውን አንድ ቆርቆሮ ነፋስ ገንጥሎት ነበር፤ አስመታሁት። የተለወጠው ሱቁ ነው። በሩ ላይ የቀበሌ ማኅተም ተለጥፎበታል። ለምን እንደታሸገ እነግርሻለሁ፤ ነገር ግን ከመነሻው ነው የምጀምረው። የምታውቂውንም ቢሆን ደግሜ እጽፈዋለሁ። በዚህ ከተማ ያንቺን ነገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። እኔ ግን በቀለም ጽፌ፣ ስሜን ከሥሩ አኖርበታለሁ። ማንም ያንብበው።

ያቺን ዋልያ ልታጠና የመጣችውን ፈረንጅ ታስታውሻለሽ። ከለውጡ በፊት ነው፤ አንቺ ምግብ ታበስዪላት ነበር። አገሯ ደርሳ ስትመለስ ከአባቷ ደጅ ለቅማ ያመጣችውን ፍሬ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችሽ። ጫፉ እንደ ጥይት የሾለ፣ አናቱ ላይ ቆብ የደፋ ፍሬ። ዛፉን ኦክ አለችው። የንስሐ አባታችን አይተውት፣ አብርሃም በመምሬ ድንኳኑን የተከለበት የአድባር ዛፍ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር። ፈረንጇ መጽሐፍ ገልጣ አንድ ሥዕልም አሳይታሽ ነበር፤ ሽማግሌ ዛፍ፣ ግንዱ የተጣመመ፣ ቅርንጫፉ የተንዠረገገ፣ ግን የወጥ ሳህን በምታክል ሸክላ ላይ የቆመ። በሩቅ ምሥራቅ እንዲህ አሳንሰው አሳድገው ለልጅ ልጅ ያወርሱታል፣ ቦንሳይ ይባላል ብላሽ ሄደች። አንቺ ያን ሥዕል አንድ ጊዜ አይተሽ አልረሳሽውም።

ፍሬዎቹን ውሃ ውስጥ ነከርሻቸው። የተንሳፈፉትን ጣልሽ፣ የሰጠሙትን አስቀረሽ። እኔ ተቃራኒው መስሎኝ ተከራክሬሽ ነበር። የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠሽ፣ ታቹን በሚስማር በስተሽ፣ ከጽድ ሥር ያመጣሽውን አፈር ከወንዝ አሸዋ ጋር ቀላቅለሽ ቀበርሻቸው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ ቆርቆሮው አፈር ብቻ ነው። ጎረቤት እየመጣ "ጥሩነሽ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የዘራሽው?" ይልሽ ነበር። አንቺ ታች ሥር እየሠራ ነው፣ ላዩ ይደርሳል ትይ ነበር። ላዩም ደረሰ።

ቡቃያው ጠንከር ሲል ነቅለሽ፣ ያን ረጅሙን ሥር በጨርቅ መቀሴ ቆርጠሽ ስትጥይ ግን ደነገጥኩ። ገደልሽው አልኩሽ። መቀሴም አሳዘነኝ፤ አፈር የነካው መቀስ ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። አንቺ ቀና ሳትዪ "አልገደልኩትም። ወደ ታች መሮጡን ትቶ ወደ ጎን እንዲያስብ ነው ያደረግኩት" አልሽኝ። ለጓሮሽ ያሰብሻቸው ነበሩ፤ ሁለት ሦስቱን ብቻ እንደ ሥዕሉ በሸክላ፣ የቀሩትን ግን መሬት አውርደሽ እንደ ልባቸው ልታሳድጊያቸው።

ለውጡ መጥቶ ቦታ ሲወረስ ጓሮሽ የቀበሌው መጋዘን መሥሪያ ሆነ። ካስማውን ሲተክሉ ነጠላሽን አደግድገሽ ቆመሽ አየሻቸው። አላለቀስሽም። ወደኔ ዞረሽ "መሬቱን ይውሰዱት። እኔ ሳህን አለኝ" አልሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም ዛፎች የሳህን ዛፎች ሆኑ።

ሸክላውን ለማሠራት በዳባት መንገድ ወዳለችው የቤተ እስራኤል መንደር አብረን ሄድን። ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ወርቄ ያልሻቸውን ሰምተው ሳቁ። "የሚያፈስ ሸክላ ሲያጋጥማቸው መልሰው ያመጡብኛል እንጂ፣ እንዲያፈስ አድርጊልኝ ያለኝ ሰው አላውቅም" አሉሽ። ያም ሆኖ ታቹን በእንጨት ወግተው ጥልቀት የሌላቸው፣ ዳራቸው የተጠቀለለ ሳህኖች ሠሩልሽ። ይህን አልሰማሽም፤ መንደሯ አሁን ባዶ ናት። ቤተሰቡ ሁሉ በሱዳን በኩል ወጥቷል ይባላል። በሰላም ደርሰው እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ዛፎቹ ከክንድ ሳይበልጡ ሽማግሌ መሰሉ። ከተበላሸ ራዲዮ ያወጣሁልሽን የመዳብ ሽቦ ቅርንጫፉ ላይ እየጠመጠምሽ ወደ ፈለግሽበት ታጎነብሺው ነበር። ውርጭ ሲወርድ ታስገቢያቸዋለሽ፣ ፀሐይ ሲወጣ ካቡ ላይ ትደረድሪያቸዋለሽ። እግዜር ልጅ ስላልሰጠን አንዳንዶቹ በዛፎቹ አሳብበው ሲያዝኑልሽ ትቆጪ ነበር። "ልጅ ልጅ ነው፣ ዛፍ ዛፍ ነው። እኔ የምወደው ዛፍ ስለሆነ ነው" ትያቸው ነበር።

ከዚያ ያ የተከላ ዘመቻ መጣ። ከከተማው ፊት ለፊት ያለው ራቁት ጋራ በባሕር ዛፍ ይሸፈን ተባለ። ጉድጓድ ስንቆፍር አንቺም ከሁሉ እኩል ቆፍረሻል። የቀበሌው ሊቀመንበር ቤት ለቤት እየዞረ ችግኝ ያለው ሁሉ ያምጣ ሲል ካቡ ላይ ዛፎቹን አየ። "ይኼ ዛፍ ስንት ዓመቱ ነው?" አለሽ። "ከአብዮቱ ይበልጣል" አልሽው። 

እሑድ በቀበሌው ስብሰባ አስነሱሽ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን ይዞ፣ ማደግ የሚችለውን ዛፍ ማቀጨጭ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፣ ይህንም የተማረችው ከኢምፔሪያሊስት ነው አለ። አንዳንዱ ሊስቅ ጀምሮ፣ የሚስቅበት ነገር እንዳልሆነ ሲገባው ዋጠው። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልሽ። ተነስተሽ ነጠላሽን አስተካከልሽ። ድምፅሽ ከወትሮው ከፍ አላለም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ዛፉን ያሳነስኩት ቤቴ ስለጠበበ ነው። ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ብርድ ሲመጣ አስገባዋለሁ። እናንተ ይህን ሁሉ ሰው ያሳነሳችሁት ግን ለምንድን ነው?"

ጥሩዬ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ቀስ ብሎ ከኔ ራቅ አለ። አልተቀየምኩትም። ያም ሆኖ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን በሰው ኮርቼ አላውቅም።

በገዛ ጓሮሽ ላይ በተሠራው መጋዘን ቆለፉብሽ። አጥፍቻለሁ ብለሽ ብትፈርሚ በማግሥቱ ትወጪ ነበር፤ አልፈረምሽም። ጋቢ ይዤ ስመጣ የአብዮት ጥበቃው አይቻልም አለኝ። "የለበስከው ኮት በኔ እጅ የተሰፋ ነው። አንተ እየሞቀህ እሷን አይበርዳትም። ይህን ጋቢ ታስገባለህ" አልኩት። አቀርቅሮ ተቀበለኝ። ዘግይቶ ነበር እንጂ። የመጋዘኑ ወለል የክረምቱን ውሃ መጥጦ ነበር፤ አንቺም ከዚያ ወዲያ ያ ሳል አልለቀቀሽም። በመጨረሻ ሰለቹና ለቀቁሽ። ይቅርታ ሳትጠይቂ ወጣሽ። ቤት እንደገባሽ ከኔ በፊት ወደ ሳህኖቹ ሄደሽ፣ አፈሩን በጣትሽ ነካ ነካ አድርገሽ "ውሃ አብዝተህባቸዋል" አልሽኝ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር የሳንባ ምች ነው አለ። መድኃኒቱ ከጎንደር እስኪመጣ አንቺ አልጠበቅሽም። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ባራገፉበት በዚያ በጥር ውርጭ ሄድሽ። ሰው ሁሉ ብርድ ነው የገደላት ይላል። እኔ ደባርቅ ተወልጄ ብርዱን አውቀዋለሁ። ብርድ በር አይቆልፍም።

ተዝካርሽ እንዲቀር ሊቀመንበሩ መልእክት ልኮ ነበር፤ ድግስ የአድኃሪ ልማድ ነው፣ ብክነት ነው አለ። ደገስኩ። ካህናቱ መጥተው ጸለዩ፣ ሰፈሩ ሁሉ መጥቶ በላ፣ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤትም በሞሰብ ላኩላቸው። በልተው ሞሰቡን መለሱ።

አሁን ወደ ሱቁ ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ከጎንደር ይመጣል ተባለ። ሊቀመንበሩ ሱቄ ድረስ መጣ። የሰው ሱሪ እየለካሁ ነበር። ከዛፎቹ ትልቁን፣ ያንን ግንዱ ጎንበስ ብሎ ቀና የሚለውን ፈለገው። "የአብዮቱ ፍሬ ብለን እንግዳው ፊት ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን" አለኝ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ አየሁት። የሚያፍር መስሎኝ ትንሽ ጠበቅሁት። አላፈረም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼኮ አሻጥር ያላችሁት ዛፍ ነው" አልኩት።

"ያ ያለፈ ነገር ነው፣ አቶ ደምሴ። አሁን ለበዓሉ ብቻ ነው የምንዋሰው።"

"የዛፉ ባለቤት እኔ አይደለሁም። መቃብሯ ያለበትን ታውቁታላችሁ። ሄዳችሁ ጠይቋት፤ እሷ ከፈቀደች እሰጣችኋለሁ።"

ሱሪ የምለካለት ደንበኛዬ ልኩን ሳያስጨርስ ወጣ። በማግሥቱ ሱቁ የቀበሌ ቤት ነው ተብሎ ታሸገ። የስፌት መኪናዬን ግን ከማሸጋቸው በፊት በትከሻዬ ተሸክሜ አውጥቼ ነበር። ጥሩዬ፣ አልዋሽሽም። ፍርሃትም ነበረብኝ። የበለጠው ግን ንዴት ነው።

የዚያኑ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እትዬ ዘርፌ ጎረቤታችን ሳታንኳኳ ገባች። ምንም አልጠየቀችኝም። አንዱን ሳህን አንስታ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ከኋላዋ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያ ሌላዋ። አንዷ በእንቅብ፣ አንዷ በጀርባዋ እንደ ሕፃን አዝላ። ተዝካርሽን የበሉት ሴቶች ናቸው። በስብሰባው ላይ ቃል ያልተነፈሱት ናቸው። የአብዮት ጥበቃዎቹ ትልቁን ዛፍ ሊወስዱ በማግሥቱ ጠዋት ሲመጡ ካቡ ባዶ ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እተክል ነበር። የት አደረስካቸው ሲሉኝ "ሰፈር ውስጥ አሉ" አልኳቸው።

ወደ እትዬ ዘርፌ ደጅ ሄዱ። በሩን ይዛ ቆመች። "ዛፍማ አለኝ። የራሴ ነው። ልትወስዱት ከሆነ መጀመሪያ እኔን ውሰዱኝ፤ መጋዘኑን እንደሆነ አውቀዋለሁ" አለቻቸው። ቀጣዩ ቤትም እንደዚያው፣ ቀጣዩም እንደዚያው። እንግዳው ሊመጣ ሰዓታት ሲቀሩት የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ ማሰር አልተቻላቸውም። ባለሥልጣኑ መጣ፣ ከወረቀት አበባ ኋላ ቆሞ ንግግር አደረገ፣ ሄደ።

ሊቀመንበሩ ዛሬም በቦታው ነው። ሱቁም እንደታሸገ ነው። እንደዚያ ነው የሆነው፤ አሸንፈናል ብዬ አላጋንንልሽም። ግን ከሳህኖቹ አንዱም አልጠፋም። ትልቁን እትዬ ዘርፌ ራሷ መለሰችልኝ። የቀሩትን ሴቶቹ "ይቆይ፣ ለምደነዋል" ብለው አስቀሩት። ሽቦው ሥጋው ውስጥ ሳይገባ መፈታት እንዳለበት አስተምሬአቸዋለሁ፤ በወርኃ ታኅሣሥ ቅጠሉ ሲረግፍ ሞተብን ብለው እየሮጡ የመጡትንም አረጋግቻለሁ። መቀሴን ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ። አሁን ጨርቅ አይቆርጥም፤ ለዚህ ሥራ ብቻ ለይቼዋለሁ።

የምሰፋው በእትዬ ዘርፌ በረንዳ ላይ ነው። ደንበኛ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ባለፈው ወር ሰሌዳ አሠራሁ። የቀበሌውን መፈክር የሚጽፈው ልጅ ነው በተረፈው ቀይ ቀለም የጻፈልኝ። የድሮው ሰሌዳ የኔን ስም የያዘ ነበር። አዲሱ "ጥሩነሽ ልብስ ስፌት" ይላል። ከመንገዱ ማዶ ይነበባል፤ ሽሬ የሚወርደው አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው በመስኮት ያነበዋል። ሊቀመንበሩ ቆሞ አነበበውና "ፈቃድ አለህ?" አለኝ። "ለሚስቴ ስም ከማን ነው ፈቃድ የምጠይቀው?" አልኩት። የስፌት መኪናዬንም አላቆምኩም።

ሊያወርዱት ይችላሉ። ካወረዱት ሌላ አስጽፋለሁ፤ ልጁ ከፈራ በራሴ እጅ እጽፈዋለሁ፣ ፊደሌ ቢንጋደድም። ዓይኔ ጨርሶ እስኪደክም፣ ደባርቅ ውስጥ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ሁሉ ወዴት ትሄዳለህ ሲባል ስምሽን ይጠራል።

ባልሽ ደምሴ
ደባርቅ