በሩ ላይ ያለው ሳፋ

ልጄ ሰርካለም፣ እመብርሃን ባለሽበት ትጠብቅሽ። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ ጓሯችን ግን ታሟል።

ያን ሰሞን ለመስቀል ቆጮ ተቻኩዬ አገና ካለችው አክስትሽ ከብርሃኔ ቢላ ተዋስኩ። እንሰቷን አጠውልግ እንደመታው አልነገረችኝም፤ እኔም ቢላውን እሳት ላይ ሳላሳልፍ ቆረጥኩበት። በሽታው በቢላው መጥቶ ግማሹን ጓሮ ጨረሰው። የግብርና ሠራተኛዋ ባዘዘችን መሠረት የታመመውን ነቅለን ቀበርን፤ ቢላውንም ዶማውንም በበረኪና አጠብን። ስትሄጂ በእጅሽ የተከልሽውን አባትሽ መንካት አቃተው፤ እኔው ነቀልኩት።

አሁን በሩ ላይ ካለው የበረኪና ሳፋ ውስጥ ጫማውን ሳይነክር ማንም አይገባም። አንቺም ስትመጪ ሮጠሽ እንዳትገቢብኝ፤ መጀመሪያ ጫማሽን ንከሪ፣ ከዚያ አቅፍሻለሁ።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ። እመጣለሁ ካልሽኝ አራተኛ መስቀል አለፈ፤ እኔ ግን የሳፋውን ውሃ በየጠዋቱ እቀይረዋለሁ።

እናትሽ