ከአትሮንሱ ማዶ

ውድ ሻባ፣

እሑድ ዕለት ቅዳሴው በስልክ ሲሰራጭ ከምስሉ ሥር ስምህ ብቅ አለ፤ ከስምህ ጎን ደግሞ አንዲት ቀይ ልብ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሳሚራ ስልኳን አምጥታ አሳየችኝ። «የአክስትህ ልጅ ልቡን ልኮልሃል» አለችና ሳቀች። እኔ ግን የባለቤቴን ሳቅ አይቼ እንኳ መሳቅ አልቻልኩም። ቀይዋን ልብ የላክኸው አባ ቂርያቆስ ኅብስቱን ከፍ አድርገው በያዙበት ቅጽበት ነው። ሃምሳውን ያለፍክ ሰው፣ የመድኃኒት ባለሙያ፣ የልጅ ልጅ ያየህ ሰው፣ ለቁርባን ቀይ ልብ ትልካለህ?

ይህን በእጄ የምጽፈውም ለዚህ ነው። በስልክ ብጽፍልህ ሌላ ልብ ትልክልኛለህ። ወረቀቱን የሚኒባሱ ሹፌር አንካዋ ድረስ ይዞ መድኃኒት ቤትህ ያደርስልኛል። መንገዱ ለወረቀት ካልራቀ ለአንተም አይርቅም።

ደክሞኛል ሻባ። በደንብ መቆጣት እንኳ ያቅተኝ ጀምሯል። ቢሆንም ነገሩን በቅደም ተከተል ልንገርህ፤ ነገር ሲዘበራረቅ ሰበብ ማግኘት ታውቅበታለህ።

ባለፈው ቅዳሜ ከሠርክ ጸሎት በኋላ አባ ቂርያቆስ ቁርጡን ነገሩን። ሦስት መንደር ነው የሚያገለግሉት፤ ጉልበታቸውም አልቋል። «ልጆቼ፣» አሉ አትሮንሱን ተደግፈው፣ «አንድ ወገን ብቻውን ቆሞ የሚጸልየው ጸሎት አይደለም አልልም። የእኛ ሥርዓት ግን አይደለም። እስከ መስቀል ዋዜማ እጠብቃለሁ። ያን ዕለት ማታ ከአትሮንሱ ወዲህና ወዲያ ሰው ካልቆመ፣ ከዚያ ወዲያ ይህን በር የምከፍተው ለዓመት በዓል ብቻ ነው። ሰንበት ሰንበት አውቶቡስ መጥቶ ወደ ከተማው ይወስዳችኋል።»

ማንም አልተከራከራቸውም። አጎት ዮናን ብቻ «አውቶቡሱ ማቀዝቀዣ አለው?» ብለው ጠየቁ።

ዋዜማው የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ይህ በር ሲዘጋ ምን እንደሚዘጋ አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው ግማሹን ነው፤ ግማሹን አንተ ነህ የምታውቀው። ነገሬ ሁሉ ይኸው ነው።

መምህር ሻሙን እኔና አንተን አትሮንሱ ሥር ሲያቆሙን ገና ልጆች ነበርን። ለመላው መንደር የነበረው የጸሎት መጽሐፍ አንድ ብቻ፣ ያውም አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው። መሀል ላይ ይዘረጋል፣ እኛ እንከበዋለን። አንዱን ስንኝ የወዲህ ወገን፣ ተከታዩን የማዶ ወገን ይላል። ቀድሞ የመጣ፣ ፊደሉ በእግሩ ከቆመለት ወገን ይቆማል። የዘገየ ማዶ ይሄዳል፤ ለእሱ ፊደሉ በአናቱ ተተክሎ ነው የሚታየው። አባትህ ወፍጮ ቤት ስለሚያቆዩህ የምትዘገየው ሁሌ አንተ ነህ። እኔ ሁሌ ቀዳሚ። እንዲህ ሆነን ፊት ለፊት አደግን፤ እኔ ቀጥ ብዬ ሳነብ አንተ ገልብጠህ እያነበብክ።

መምህር አንድ ቀን አዝነውልህ መጽሐፉን ወደ አንተ ያዞሩልህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ዓይንህን አፍጥጠህ ዝም አልክ።

«ምነው ሻባ፣ ምላስህን ድመት በላው?»

«የኔታ፣ ፊደሉ ተገልብጧል!»

መምህር ሻሙን ሳቃቸውን ጢማቸው ውስጥ ደበቁት። «እንግዲህ አንተ የማዶ ሰው ሆነህ ቀርተሃል» አሉና መጽሐፉን መለሱት። ዐረብኛውን እንደ ሰው ታነባለህ፣ በኋላም ሞሱል ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የመድኃኒቱን መጽሐፍ ሁሉ በልተህ ወጣህ። የጸሎቱን፣ የአባቶቻችንን ፊደል ግን ከማዶ ካልሆነ አታውቀውም። ከፊትህ ሌላ ሰው ቆሞ ካላነበበ አንተም አታነብም ማለት ነው። ያኔ የምንሳሳቅበት ነገር ነበር።

በዚያ ነሐሴ ታጣቂዎቹ ሲያፈናቅሉን ከለበስነው ልብስ በቀር ምንም አልያዝንም። መጽሐፉ እዚያው ቀረ፤ አመዱን እንኳ አላገኘነውም። አንካዋ፣ በሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በድንኳን መሀል የቆምንባት የመጀመሪያዋ ማታ ግን ከእኔ አትወጣም። አባ ቂርያቆስ «በሉ እንጀምር» አሉ። የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣሁ። ሁለተኛውን ልል አፌን ከፈትኩ፤ የለም። ዕድሜ ልኬን በየማታው ስሰማው ኖሬ በአፌ ብዬው አላውቅም። የማዶ ሰዎች ስንኝ ነዋ። ያን ጊዜ ከድንኳኑ ገመድ ማዶ ድምፅህ ተነሣ። ሁለተኛውን አልክ። ሦስተኛው ለአንተ የለም፤ እኔ ነኝ ያልኩት። አራተኛውን አንተ። እንዲህ እያልን ጨረስነው።

ለካ ከቤቴ የሸሸሁት ግማሽ ጸሎት ይዤ ነው። ግማሹ በአንተ መኪና ተጭኖ ወጥቷል። አንዳችን ያን ዕለት መንገድ ላይ ብንቀር የቀረው ሰው ሙሉ ጸሎት አይኖረውም ነበር። ያን ማታ ይህን ልነግርህ ፈልጌ ሻይ ስንጠጣ ስለ ውኃ ቦቴው አወራሁህ።

ሌላም ያልነገርኩህ አለ። እናቴ እዚያው፣ በዚያች የቆርቆሮ ሣጥን በመሰለች ቤት ውስጥ ያረፈች ሰሞን፣ ሠርክ ጸሎት መጣሁና አፌ አልከፈት አለ። አንተ የእኔን ስንኝ አታውቀውም። ወንድምህ ግን በልጅነቱ ከእኔ ወገን ይቆም ስለነበር ያውቀዋል፤ ሊልልኝ ሲል በክርንህ ጎሰምከው። በስንኜ ልክ ዝም ብለህ ቆምክ። ከዚያ የራስህን አልክ። ደግሞ ዝም። አጎት ዮናን ትዕግሥታቸው አልቆ ጮኹ፤ «ቀጥሉ እንጂ! እራት አለ!»

«የእሱ ነው» አልክ አንተ፤ ሌላ ምንም አልጨመርክም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አጽናንቶኛል፤ ምን እንዳሉኝ አንዱንም አላስታውስም። አንተ ግን ባዶዬን አልደፈንክብኝም፤ ጠበቅከኝ። በሳምንቱ ድምፄ መጣ።

እንግዲህ ወደ ቂምህ ልግባ። ቂም መያዝህን አውቃለሁ፤ መብትህም ነው።

ወደ መንደራችን ተመልሰን የቤተ ክርስቲያኑን ጥላሸት ፍቀን ስናጸዳ ከውጭ አገር ሰዎች መጻሕፍት መጡ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ትንሽ፣ ጥርት ያለ ኅትመት፣ ሁሉም ስንኝ ያለበት። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ በደስታ ሊሞት ደረሰ። አትሮንሱን ጥግ ወስደው አበባ አስቀመጡበት። እኛን በረድፍ አቆሙን፤ ሁሉም የፊተኛውን ማጅራት እያየ፣ የየራሱን መጽሐፍ ይዞ። በመጀመሪያዋ እሑድ ለአንተም አንዱን ሰጡህ። አንተ ደግሞ ሳታስበው ገልብጠህ ያዝከው።

«ጋሼ፣ መጽሐፍዎ ዞሯል!» አለ ከኋላ አንዱ ወጣት። ሊያቀናልህ እጁን ሰደደ። ሌሎቹ ሳቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ አያውቁም፤ እነሱ ሲያድጉ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ነው ያነበበው። መጽሐፉን ወንበሩ ላይ አስቀምጠህ ወጣህ። ከኋላህ እስከ በሩ ተከተልኩህ። መኪናህ አቧራ አስነሥታ ሄደች።

በኋላ ስደውልልህ የተባባልነውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«ምን ጎደለብኝ ብዬ? እዚህ መብራት አይጠፋም፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ሻዬን ይዤ ቁጭ ብዬ እከታተላለሁ።»

«ሻይ ይዘህ?»

«ምነው፣ እግዜር ሻይ ይጠላል?»

«ስንኝህንስ ለማን ትላለህ?»

«ለራሴ።»

«ለራስህ የምትለው እኮ ግማሹን ነው፣ ሻባ።»

«ሌላውን ግማሽ እነዚያ መጽሐፍ የሚያቀኑት ይበሉልህ» አልክና ዘጋኸው።

አልልም አሉ፣ ሻባ። ይኸው ነው ጉዱ። መጽሐፉ በየእጃቸው ካለ፣ ሁሉም ስንኝ በየመጽሐፉ ካለ፣ ሰው ለሰው ምን ያደርጋል? መጀመሪያ አንዱ «ቤቴ ሆኜ እጸልያለሁ» አለ። ከዚያ ስርጭቱ ተጀመረ፤ ሌላው «በስልክ እከታተላለሁ» አለ። የቀሩት ደግሞ አገሩን ጥለው ሄዱ። ለቸርነት የተላከ መጽሐፍ ነው፤ የላኩትን አልረግምም። አትሮንሱን ጥግ የወሰዱትን ግን፣ ይቅር ይበለኝና፣ በየቀኑ እረግማለሁ። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ የሚያምር ድንጋይ ሁሉ ተሸካሚ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኮሚቴው ግን የሚያውቅ አይመስልም።

አሁን ማታ ማታ የምንቆመው ሽማግሌዎች ነን፤ ሁላችንም የወዲህ ወገን ሰዎች፣ ሁላችንም ያንኑ ግማሽ የምናውቅ። የአጎት ዮናን ዓይን ትልቁን ደወል እንኳ አያይም፤ መጽሐፍ ቢሰጧቸው ለማራገቢያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አባ ቂርያቆስ ያን ማስጠንቀቂያ ከመስጠታቸው በፊት የሆነውን ስማ። የመጀመሪያውን ስንኝ አልኩ። ቆምኩ። ትንሹ መጽሐፍ እጄ ላይ ተከፍቷል፤ ሁለተኛው ስንኝ ከዓይኔ ሥር ነው። አላልኩትም። በልኩ ጠበቅኩና ሦስተኛውን አልኩ። ደግሞ ቆምኩ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ አጎት ዮናን። «ተረሳህ?»

«አልተረሳኝም።»

«ታዲያ ቀጥላ! እዚህ ቆመን ልናድር ነው?»

«የሻባ ነው» አልኩ።

«ሻባ አንካዋ ሻይ እየጠጣ ነው፣ አንተ ሞኝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አባም ፈገግ አሉ። ቢሆንም ማንም ሊልልህ አልደፈረም። ጸሎቱን እንዲሁ፣ አንድ ስንኝ በድምፅ አንድ ስንኝ በዝምታ፣ እስከ መጨረሻው ወሰድነው። በዝምታው መሀል የጣሪያው ቆርቆሮ ሙቀቱ ሲወጣለት ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል። አባ ቂርያቆስ ዓይናቸውን ጠረጉና ከዚያ በኋላ ነው ያንን የተናገሩት።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ፤ ለሳሚራም ተናግሬው አላውቅም። ሰው እኔን ጽኑ አማኝ አድርጎ ያየኛል፤ በየማታው ስለምሄድ። አይደለሁም። ቤቴ ተንበርክኬ ብቻዬን ስጸልይ የምሰማው የራሴን ድምፅ ብቻ ነው፤ የራሴ ድምፅ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ተከራካሪ ነው። ሁለት ቃል ሳልል እግዚአብሔርን ስለ እናቴ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ተቃጠለው መጽሐፍ መሟገት እጀምራለሁ። እምነት የሚመጣልኝ ከማዶ ሲመለስልኝ ነው። እኔ አንድ ነገር ብዬ፣ ያላልኩት፣ የማላውቀው፣ የሚቀጥለው ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ከእኔ በላይ እንደሆነ አምናለሁ። ስልኩ ይህን አይሰጠኝም። አንተ ትሰማኛለህ፤ እኔ አንተን አልሰማህም። ቀይዋ ልብህ ድምፅ የላትም።

በአውቶቡሱ ወደ ከተማው ብሄድ እዚያም ቅዳሴ አለ፤ ያማረ ነው፤ ሰውም ብዙ ነው። አልጠላውም። እዚያ ግን የሚጠብቀኝ ስንኝ የለም፤ የምጠብቀውም የለም። ብቀር ማንም ክፍተቱን አይሰማም። ሰው ቀርቶ ክፍተቱ የማይሰማበት ቦታ ለመሄድ ደግሞ ጉልበት የለኝም።

ስለዚህ ይህን አድርጌያለሁ። ትንንሾቹን መጻሕፍት ሰብስቤ ግምጃ ቤት ቆለፍኩባቸው፤ ኮሚቴው ይክሰሰኝ። አንዷን ሞሱል ወስጄ ገጽ በገጽ አስፍቼ አሳተምኩና አስጠረዝኳት፤ ሁለት ሆነን ነው ከመኪና ያወረድናት። አበባውን አንሥቼ አትሮንሱን መሀል አምጥቼዋለሁ። መጽሐፉን ፊደሉ ወደ እኔ እንዲቆም አድርጌ ዘርግቼዋለሁ፤ በማንም ጥያቄ አላዞረውም። ከማዶ ያለው ቦታ ፊደሉ በአናቱ የተተከለበት ነው። በዚህ መንደር፣ ምናልባትም በዚህ ሜዳማ አገር ሁሉ፣ ከዚያ ቆሞ ማንበብ የሚችል ሰው አንድ ነው የማውቀው። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ የሚስቀው ግን ከዚያ ቆሞ ማንበብ አይችልም።

ቅዳሜ ማታ ደወሉ ሲደወል የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣለሁ። አባ ቂርያቆስ ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ይቆማሉ፤ አጎት ዮናንም እንደ ልማዳቸው ይሰድቡኛል። እኔ ግን አንተ ያኔ ለእኔ እንደቆምክልኝ በስንኝህ ልክ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ከዓይኔ ሥር ተጽፎ ባየውም አልለውም።

የአንተ ነው።

ፊደሉ በእግሩ ከቆመለት ወገን፣
ጀርጂስ