የድሮ ግንቦችን በካርታ ሲፈልጉ የኖሩት የወይዘሪት ሰገነት ገድሉ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሪት ሰገነት ገድሉ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገድሉ አምሐ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አዘዘ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. በእንፍራንዝ አካባቢ፣ የጉዛራ ግንብ ከደጅ በሚታይበት መንደር ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ፅጌ ማርያም ነኝ። ቀኖቹን ከማስረጃቸው ላይ ሦስት ጊዜ እያየሁ ነው የገለበጥሁት፤ ስህተት ቢገኝ የእኔ ነው።

በሰባት ዓመታቸው ትምህርት ቤት ገቡ። የእኔ ተራ ሲደርስ እናታችን ታማ ስለ ነበር ቤት ቀረሁ። እሳቸው ደብተር ይዘው ሲወጡ እኔ ገመድ ይዤ እንጨት ለቀማ እወርድ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን ጎንደር ጨርሰው ጂኦግራፊ አጠኑ። በ1980 ዓ.ም. ባሕር ዳር በካርታ ሥራ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ።

ላለፉት አሥር ዓመታት በጣና ዙሪያ ያሉ የድሮ ግንቦችንና አብያተ ክርስቲያናትን በኮምፒውተር ሲያጠኑ ቆይተዋል። እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። ከሳተላይት የተነሣውን ምስል፣ የመሬቱን ከፍታና ተዳፋት፣ የውኃውን ርቀት አንድ ላይ ያስገባሉ። ኮምፒውተሩም የታወቁት ግንቦች ያሉበትን ቦታ አመዛዝኖ፣ ሌላ ሊገኝበት የሚችለውን ቦታ ካርታው ላይ ቀይ ያደርገዋል። ከዚያ በእግር ሄደው ያያሉ።

ትዳር አልያዙም። ባለቤቴ አበራ በ1998 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ የስድስት ዓመት ልጄን ሊድያን ወስደው አሳደጉ፣ አስተማሩ፣ ሙያቸውንም አወረሱ። በ2013 ዓ.ም. እኔንም ባሕር ዳር ሰባታሚት ወዳለው ቤታቸው አመጡኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ቀናሁ። ልጄ እሳቸውን «እማዬ»፣ እኔን «ፅጌ» ነበር የምትለው። ራት ቀርቦ ሁለቱ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተው ሲሳሳቁ፣ ምን እንደሆነ ብጠይቅ ሊድያ «ተይው ፅጌ፣ አይገባሽም» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ባለችኝ ማግሥት ለጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብሁ። ለዕውቀት ብዬ አልነበረም።

በ2015 ዓ.ም. እንፍራንዝ ላይ የአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መሠረት መፈለግ ጀመሩ። የታወቁት ግንቦች ከፍታ ላይ ስለ ሆኑ ኮምፒውተሩ ቀይ ያደረገው ኮረብታውን ነበር። ሽማግሌዎችን ጠየቁ፣ ካህናትን ጠየቁ። እኔን አልጠየቁም። እኔ ግን መሠረቱን አውቀው ነበር። ከምንጩ በታች፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሸክሜን የማሳርፈው በተጠረበው ድንጋዩ ላይ ነበር። ሦስት በጋ ሲንከራተቱ እያየሁ ዝም አልሁ። እግራቸው አብጦ ሲመለሱ ውኃ አሙቄ አጥባቸው ነበር። ያኔም አልተናገርሁም።

ባለፈው ኅዳር በጉበት ሕመም ተኙ። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌላቸው ሲነግረን አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁሉን ነገርኋቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«አንቺ ምቀኛ!» አሉ። «በዚህ እግር ስንት ዳገት አስወጣሽኝ!»

ከዚያ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። ሊድያ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ምን ትቆሚያለሽ? ወረቀትና እርሳስ አቀብያት እንጂ!» አሏት።

ምንጩን፣ መንገዱን፣ ቁጥቋጦውን ሣልሁ፤ ከየሥዕሉ ጎንም የቦታውን ስም ጻፍሁ። ሊድያ በሳምንቱ ሄዳ አገኘችው። ፎቶውን መጀመሪያ የላከችው ለእሳቸው ነበር። ያን ቀንም ቀናሁ።

ወይዘሪት ሰገነት በተወለዱ በ61 ዓመታቸው የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ሊድያ እዚህ ቦታ ላይ «የእህት ልጅ» ብለሽ ጻፊኝ ብላኝ ነበር፤ እንዳይከፋኝ ብላ ነው። ሌሊቱን አስቤበት እምቢ አልኋት። ወይዘሪት ሰገነት የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ። ስሟም ሊድያ ነው።

መድኃኔ ዓለም ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን፤ ልጃቸውንና እህታቸውን ያጽናን።