አባባ የመረጡት መናፈሻ

ለእትዬ፣ ከእናቴ ቀጥሎ ላሳደገችኝ፤

እንደምን ከርመሻል? ብርድ ሲሆን የሚነሣብሽ ያ የወገብ ሕመም ዘንድሮ ተወሽ ወይስ እንደ ልማዱ መጣ? ባለቤትሽስ የሌሊት ሥራው ቀርቶለት እንቅልፉን መጥገብ ጀመረ? ትልቁ ልጅሽ በቁመት አንቺን አልፏል የሚሉት እውነት ነው? ትንሿስ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም ስትስቅ በሩ የተከፈተ ቤት ትመስላለች? አማትሽስ ዓይናቸው ተሻላቸው? መቼም ሁሉንም አንድ በአንድ ጠይቄ ካልጨረስኩ ወሬ መጀመር እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ።

እኛ ደህና ነን። እዚህ ላይ ግን ቆም በይልኝ። ይቺ «ደህና ነን» እንደ ወትሮው አንቺን ላለማስጨነቅ የምወረውራት አይደለችም፤ የዛሬዋ የእውነት ናት። በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ቃጣኝ፤ ነገር ግን አንቺ ግማሹን ሳትሰሚ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፣ እኔም እከተልሻለሁ፣ ወሬው ሳይነገር ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ዛሬ ሰኞ ስለሆነና ፀጉር ቤቴም ዝግ ስለሆነ፣ የደንበኞቼ ወንበር ላይ ተንሰራፍቼ፣ መስተዋቱ ውስጥ የራሴን ፈገግታ እያየሁ እጽፍልሻለሁ። እንዲህ ጥርሴ የሚታየው መቼ እንደነበር እኔም አላስታውስም።

አንቺ የምታውቂው አባባ ከመኪናቸው ጋቢና ሲወርዱ ተንሸራተው ግራ እግራቸውን መሰበራቸውን፣ መታከማቸውን፣ ከዚያም እኛ ዘንድ፣ እዚህ አውቶቡሱ የሚያበቃበት የከተማው ዳርቻ መምጣታቸውን ነው። ሐኪሙ ያለንንም ነግሬሻለሁ፦ «አጥንቱ ገጥሟል፣ የቀረው መራመድ ነው። አሁን ካልተራመዱ ግን እግሩ እየሰለለ ሄዶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ይቀራሉ» ነበር ያለው። አንቺም ያን ቀን «አባባን ወንበር ላይ ቀርተው ላያቸው አልችልም፤ ሲራመዱ ንገረኝ፣ እመጣለሁ» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። አልተቀየምኩሽም። ቃልሽን ግን አልረሳሁትም።

ያልነገርኩሽ፣ አባባ አልራመድም ማለታቸውን ነው። አልቻልኩም አይደለም ያሉት፤ አልራመድም! መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው የሚያልፈውን የጭነት መኪና ሁሉ «ይኼ ጎማው ተበልቷል፣ ያኛው ከልክ በላይ ጭኗል» እያሉ ሲፈርዱ ይውላሉ። እባክዎ ግቢውን አንዴ ልንዙር ስላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ። «ዞሬ ዞሬ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ? ምን ጭኜ? ለማን ላደርስ?» ይሉኛል። የእሳቸውን ነገር መቼም ታውቂዋለሽ። ባዶ መኪና ነድተው ከመግባት መንገድ ዳር ጭነት ሲጠብቁ ቢያድሩ ይመርጡ ነበር፤ እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚህ የተነሣ ስንቴ አኩርፋቸዋለች። ሐኪሙ የሚለው ደግሞ ባዶውን ሂድ፣ ባዶውን ተመለስ ነው። ይባስ ብለው ማርሽ ሲቀይሩ ፍሪሲዮን የሚረግጡበትን ግራ እግራቸውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ «ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ይኼ መኪና ይቁም» ማለት ጀመሩ። ከደንበኛ ፀጉር ላይ ዓይኔን አንሥቼ ጆሮ ልቆርጥ የደረስኩበት ሰሞን ነበር።

መላውን ያመጣችው ባለቤቴ ናት። እሷ ፋርማሲ ውስጥ ስትሠራ መድኃኒቱን አልወስድ የሚል ሰው ማባበል ስለለመደች ነው መሰለኝ፣ «ታዲያ ጭነት ስጣቸዋ!» አለችኝ እንደ ዋዛ። በማግሥቱ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። «እትዬ ደውላ ነበር» አልኳቸው። «ልጆቿን ይዛ ልትመጣ አስባለች። ልጆቹ ግን ሕንፃ ውስጥ መታፈን አይችሉም። በዚህ አካባቢ ካሉት መናፈሻዎች የትኛው እንደሚሻል አባባ አይተው ይንገሩኝ ብላለች። እኔን ደግሞ አታምነኝም።» ይቺን የመጨረሻዋን ስጨምር ያለ ምንም ጥያቄ አመኑኝ። «እሱስ እውነቷን ነው፤ አንተ ምን ታውቃለህ!» አሉና ክራንቻቸውን ጠየቁኝ። እንግዲህ እትዬ፣ ያኔ ያልደወልሽውን ስልክ እንደደወልሽ ቁጠሪው።

መናፈሻዎቹን ያገኘሁት ከደንበኞቼ ነው። አንድ ጥያቄ ብወረውር ሱቁ በጠቅላላ ተበጠበጠ፤ ሁሉም የየሰፈሩን መናፈሻ እያነሣ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ያለ ሰውዬ እንኳ «የኛን ሳያይ!» ብሎ ብድግ ሊል ነበር። ሰኞ ሰኞ አንድ አንድ ልናዳርስ ተነሣን።

መጀመሪያ የሄድነው ሰው ሁሉ ወዳመሰገነው፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ወዳለው ትልቅ መናፈሻ ነው። ጀልባ አለው፣ ድልድይ አለው፣ ዳክዬ አለው። አባባ ከበሩ ጥቂት እንደገቡ በክራንቻቸው ተደግፈው ቆሙና ዙሪያውን ቃኙት። «መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ። ጥላ የለውም። ውሃውም አጥር የለውም፤ ትንሿ ልጅ ሮጣ ብትገባ ማን ያወጣታል?» ብለው ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ። አልፎ ሂያጁ ከንፈሩን ይመጥላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ቁም ነገር ላይ ስለነበሩ አላዩትም።

በሁለተኛው ሰኞ አበባ በአበባ ወደሆነው ሄድን። እዚያ ስሙን ማንም የማያውቀው፣ ሁሉም ግን ፊሽካ የሚለው ጥበቃ አለ። ሣር የረገጠ ሰው ካየ ከየትም ይሁን ከየት ይነፋል። አባባ ወደ አንድ ዛፍ ጥላ አቋርጠው ሲሄዱ ፊሽካው ጮኸ። እሳቸውም ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ጥጋቸውን ያዙ፣ እጃቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ሰደዱና መንጃ ፈቃዳቸውን አውጥተው ዘረጉ! እኔ ሳቄን አፍኜ ወደ ጽጌረዳው ዞርኩ። ፊሽካ ግን ጨዋ ሰው ነው፤ ተቀብሎ አገላብጦ አየና «አባት፣ ጥፋትዎ ቀላል ነው፣ ይለፉ» ብሎ በሁለት እጁ መለሰላቸው። አባባ ያን ቀን የልብ ልብ ተሰምቷቸው ከእሱ ጋር ሲያወጉ ዋሉ። «ልጆች በየደቂቃው ፊሽካ የሚነፋባቸው መናፈሻ አይሆንም» ብለው ቢጥሉትም፣ አዲሶቹ ሕንፃዎች መካከል ያለውን ሦስተኛውን መናፈሻ የጠቆማቸው እሱ ነው። አንድ ቀን ሳገኘው ፀጉሩን በነፃ አስተካክለዋለሁ፤ ራሰ በራ መሆኑ ነው እንጂ ችግሩ።

እትዬ፣ ነገሩ ሁሉ የተለወጠው እዚያ ሦስተኛው መናፈሻ ውስጥ ነው። ስፖርት መሥሪያ ብረቶች ተተክለውበታል። ከመካከላቸው አንዱ ትከሻ ለማፍታታት በሁለት እጅ ይዘው ግራና ቀኝ የሚያዞሩት ትልቅ ክብ ብረት ነው። አባባ አዩት። ተጠጉት። «አንተ!» አሉኝ፣ «ይኼ መሪ እኮ ነው! የማንን መኪና ፈትተው ነው እዚህ የተከሉት?» ሳልመልስላቸው ክራንቹን አስታቀፉኝና ክቡን ብረት ጨበጡ። ወዲያው ግራ እግራቸው ብድግ ብሎ መሬቱን ጫን አደረገ። ፍሪሲዮን መርገጣቸው ነው! ቀኝ እጃቸው ወርዶ ማርሽ ቀየረ፤ ግራው እግር ቀስ ብሎ ለቀቀ። እንደገና ጫን፣ ለቀቅ። ያ ተቃጥሏል ያሉት እግር! ክራንቹ እኔ እቅፍ ውስጥ መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ። አባታችን ያለ ክራንች በሁለት እግራቸው ቆመው፣ በዓይነ ሕሊናቸው የትኛውን መንገድ እያዩ እንደሆነ እንጃ፣ ይነዳሉ። «አባባ፣ የት ደረስን?» ስላቸው «ዝም በል፣ ሾፌር ሲነዳ አይወራም!» ብለው ገሠጹኝ። ተገሥጬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ ሰኞን መጠበቅ ቀረ። በየማለዳው ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ወደዚያ መሪ እንሄዳለን። ጠጋ ብለው የሚስቁ ወጣቶች ነበሩ፤ ቆይተው ግን «አባት፣ ዛሬስ ወዴት ነው ጉዞው?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ክራንቹ በከዘራ ተተካ። እኔም የመናፈሻ ምርመራቸው በዚያው ቢያበቃ አይከፋኝም ነበር። አባባ ግን «ሥራው አላለቀም፤ ያላየነው ይቀራል» አሉ። የቀረው ከአውቶቡሶቹ ማደሪያ ጀርባ ያለው ጉብታ ነው። ከደንበኞቼ መናፈሻ ብለው የሚቆጥሩትም ጥቂቶች ናቸው፤ ዥዋዥዌ፣ የውሃ ቧንቧ፣ ጥቂት ያረጁ ዛፎች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አንዲት የእንጨት አግዳሚ፤ በቃ። መንገዱ ጠጠር የበዛበት ወጥ ዳገት ነው።

ባለፈው ሰኞ ሄድን። እኔ ከሥር አይተን እንድንመለስ ለመንኳቸው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ዳገቱን ሲያዩት ቆዩና መንገድ ዳር ያለ ድንጋይ በከዘራቸው እየጠቆሙ «አንሣ» አሉኝ። ታኮ መሆኑ ገባኝ። የድሮ ረዳቶቻቸው ዳገት ላይ መኪናው ወደኋላ ከተንሸራተተ ጎማው ሥር ሊወሽቁ ድንጋይ ይዘው ከኋላ እንደሚሮጡት፣ እኔም፣ ባለሱቅና ባለትዳር የሆንኩት ሰውዬ፣ ያንን ቋጥኝ ታቅፌ ተከተልኳቸው። «በአንደኛ ማርሽ» አሉና ጀመሩ። ትንሽ ሄዱ፣ ቆሙ፣ ተነፈሱ። እንደገና ሄዱ። እኔ ከኋላ ያንን ግራ እግር ብቻ ነው የማየው፤ ሲነሣ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ሲያርፍ እለቃለሁ። መሐል ላይ ጠጠሩ ከዳቸውና ወደኋላ ዘንበል አሉ። ድንጋዩን ጥዬ ልደግፋቸው ስል «ታኮው ይዞኛል፣ አትንካኝ!» ብለው ጮኹ። የያዛቸው እንኳ ከዘራቸው ነበር። ቀጥ አሉ። ቀጠሉ። ላብ በአንገታቸው እየወረደ፣ እየተቆጡ፣ ዳገቱን እየሰደቡ፣ ወጡት! እትዬ፣ አባባ ዳገቱን ወጡት! ጫፉ ላይ ደርሰው ዞር ብለው አዩኝና «ታኮውን ጣለው» አሉኝ። ቀጥለውም በአፋቸው ክላክስ ነፉ። ያንን ድሮ ከሩቅ ስንሰማው በር ለመክፈት የምንሻማበትን ረጅም ክላክስ! ዥዋዥዌ የሚገፉት እናቶች ሁሉ ዞረው አዩአቸው፤ አታልቅስ የሚለኝ ስላልነበረ እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠው ውሃ ከጠጡ በኋላ «በላት፣ ይኼ ነው» አሉኝ። እኔ ባለ ሐይቁ ለልጆቹ አይሻልም ወይ ብዬ ተከራከርኩ። «ልጆቹማ እዚህም ይሮጣሉ» አሉ። ከዚያ በከዘራቸው ወደታች አሳዩኝ። ከአግዳሚዋ ላይ ወደ ከተማው የሚገባው ዋና መንገድ እስከ ሩቅ ድረስ ይታያል። «ከዚህ ሆኜ እሷን የያዘውን አውቶቡስ አየዋለሁ። እሱ ዞሮ ፌርማታው እስኪደርስ እኔ በእግሬ ወርጄ እቀበላታለሁ።» ያልደወልሽው ስልክ ትዝ አለኝና ውሃ ልቀዳላቸው ወደ ቧንቧው ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻቸውን ይወጡታል። ባዶ አይሄዱማ! ሲወጡ ውሃቸውን፣ ሲመለሱ ለቤት ዳቦ ጭነው ነው። ማታ ሲገቡ ደግሞ «መቼ ነው ያለችው?» ይሉኛል፤ «ቅርብ ነው» እላቸዋለሁ። እንግዲህ እትዬ፣ እኔ የሚዋሸውን ዋሽቼ ጨርሻለሁ፤ የቀረውን እውነት ማድረግ ያንቺ ፈንታ ነው። ሲራመዱ ንገረኝ ብለሽኝ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ፤ ተራመዱ፣ ዳገትም ወጡ።

ባለቤትሽን ጉንጭና ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅሽን አጎትህ ቁመትህን ሳይሆን ፀጉርህን ነው የሚፈራው፣ መቀሱን ስሎ ይጠብቅሃል በይልኝ። ለትንሿ፣ ዥዋዥዌው ባዶውን እንደሚወዛወዝ ንገሪያት። ባለቤቴ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ ለወገብሽ የሚሆን ቅባት አስቀምጣልሻለች፣ በፖስታ አልክም፣ መጥታ ትውሰድ ብላለች። አባባ ደግሞ ወደ ጉብታው ሲያልፉ ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ ሰምተው ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ተመልሰው ይቺን ጻፍልኝ አሉ፦ «ባዶ መኪና ይዛ እንዳትመጣ፤ ልጆቹን ሞልታ ትምጣ። ማራገፊያውን እኔ አግኝቻለሁ።» ይህንን ብለው ከዘራቸውን በሩ ጀርባ ትተውት ወጡ። ሮጬ ላደርስላቸው ተነሥቼ ነበር፤ ግን በመስኮቱ ሳያቸው መንገዱን ተሻግረው ነበር፣ ተቀመጥኩ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ከመጨረሻው ፌርማታ፣ ከፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ፣
ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት 14 ቀን።